የአሳማ ባቡርና የቧንቧ ውሃ፦ ሆንግ ኮንግና ቻይና ለምን ተቻቻሉ?

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ይሄ ታሪክ ቶሎ ይገባችኋል። ጊዜው 1963 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ሆንግ ኮንግ፣ ያኔ በእንግሊዝ እጅ የነበረች የደቡብ ቻይና ወደብ ናት። ከባድ ድርቅ ገብቶ ነበርና ከጁን ወር መጀመሪያ ጀምሮ ነዋሪው ውሃ የሚያገኘው በአራት ቀን አንዴ፣ ያውም ለአራት ሰዓት ብቻ ሆነ። ከሦስት ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ ባልዲውንና በርሜሉን ይዞ ተሰለፈ። መንግሥት መርከቦች እያሰማራ ከቻይናው የፐርል ወንዝ ውሃ ማስቀዳት ጀመረ። ይህ ሁኔታ አንድ ዓመት ያህል ቆየ።

አሁን ድንበሩን ተሻገሩና ሌላውን ወገን ተመልከቱ። ቻይናን የሚመራው ኮሚኒስት ፓርቲ ነው። የቅኝ አገዛዝ ጠላት ነኝ ይላል። ሆንግ ኮንግም በጦርነት የተነጠቅኩት መሬቴ ነው ይላል። ትልልቆቹ ወንዞች ያሉት ደግሞ በእሱ በኩል ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? «ጊዜው ደረሰ፣ በጥም አንበርክከን እንውሰዳት» የሚል አይመስላችሁም?

ያደረገው ተቃራኒውን ነው። 83 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የውሃ መስመር ሠርቶ ውሃ ሸጠላት። ከዚያ በፊትም ቢሆን አሳማ፣ ከብትና ዶሮ የጫኑ ባቡሮች በየቀኑ ይልክላት ነበር።

ለምን? መልሱ ፍቅር አይደለም፣ ቸርነትም አይደለም። መልሱ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ወደብ ብቻውን አይበላም

መጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። እንግሊዝ የሆንግ ኮንግን ደሴት በውል ያገኘችው በ1842 ከመጀመሪያው የኦፒየም ጦርነት በኋላ ነው። በ1860 ከደሴቷ ፊት ለፊት ያለውን የካውሉን ልሳነ ምድር ጨመረች። በ1898 ደግሞ ከበስተጀርባው ያለውንና «አዲሶቹ ግዛቶች» የሚባለውን ሰፊ መሬት በ99 ዓመት ሊዝ ወሰደች። ሊዝ የምትለዋን ቃል ያዟት፣ መጨረሻ ላይ ትመለሳለች።

ሆንግ ኮንግን ሀብታም ያደረጋት ጥልቅ የተፈጥሮ ወደቧ ነው። ችግሩ ሌላው ነገር ሁሉ የላትም። መሬቷ ባብዛኛው ገደላማ ተራራ ነው። ለእርሻ የሚሆነው ጥቂት ነው። ትልቅ ወንዝ የለም፣ ሐይቅም የለም። ዝናቡስ? ዝናቡ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ የአዲስ አበባን እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ነገር ግን አብዛኛው የሚወርደው በጥቂት የበጋ ወራት ነው። ከሥሩ ያለው ድንጋይም ውሃውን አምቆ አይይዘውም፣ ጎርፍ ሆኖ ወደ ባሕር ይሄዳል። ስለዚህ የከተማዋ ችግር የዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም። የሚያስቀምጥበት ዕቃ ማጣትም ነው።

እንግሊዞቹ ይህን ገና ድሮ አውቀውት ነበር። የመጀመሪያውን የውሃ ማጠራቀሚያ በ1863 ሠሩ። ከዚያ በኋላ አንዱን ግድብ ሲጨርሱ ሕዝቡ ይበዛል፣ ሌላ ይጀምራሉ፣ አሁንም ይበዛል። በ1945 የጃፓን ወረራ ሲያበቃ የነዋሪው ቁጥር 600,000 ገደማ ነበር። በቻይና የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ ስደተኛው ጎረፈና በ1950 ከሁለት ሚሊዮን አለፈ። በ1961 ሕዝብ ሲቆጠር ሦስት ሚሊዮን ተሻገረ። የትኛውም መሐንዲስ በዚህ ፍጥነት ግድብ መሥራት አይችልም።

ድንበር ላይ የቆመው ጦር

በኦክቶበር 1949 የማኦ ጦር ጓንግዡን ይዞ ወደ ደቡብ ገሰገሰ። ሸንዠን ወንዝ፣ ማለትም የሆንግ ኮንግ ድንበር ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ወንዙ ጠባብ ነው፣ መሻገር አላቃተውም። ያቆመው የፖለቲካ ውሳኔ ነው። የቤይጂንግ መሪዎች የሆንግ ኮንግን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ አቆይተው እስከዚያው ድረስ ሊጠቀሙባት ወሰኑ።

ጥቅሙ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1950 የኮሪያ ጦርነት ተነሣ። ቻይና ጦሯን ስታስገባ አሜሪካ ንግድ ከለከለቻት። በሜይ 1951 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም የጦር መሣሪያና ለጦርነት የሚረዱ ዕቃዎች ወደ ቻይና እንዳይገቡ ማዕቀብ ጣለ። ሆንግ ኮንግ ለመቶ ዓመት የኖረችው የቻይናን ዕቃ ለዓለም፣ የዓለምን ዕቃ ለቻይና በማሸጋገር ነው። ማዕቀቡ ይህን ሥራ ቆረጠው። ከ1951 ወደ 1952 ብቻ ወደ ቻይና የምትልከው ዕቃ ዋጋ ወደ ሲሶው ወረደ።

ብዙ ሰው «በቃ፣ ሆንግ ኮንግ አለቀላት» አለ። ያዳኗት ከቻይና የሸሹት ሰዎች ናቸው። ከሻንጋይ የመጡት የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብቶች ገንዘብና ዕውቀት ይዘው ነበር፣ ሌላው ስደተኛ ደግሞ ጉልበቱን አመጣ። አሸጋጋሪዋ ወደብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሸሚዝ፣ የፕላስቲክ አበባና መጫወቻ አምራች ሆነች።

ይህን ሲያዩ «እንግዲህ ከዋናው ምድር ተላቀቀች» የሚሉ ይኖራሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የዕቃ ማሸጋገሩ ሥራ ሲቀንስ ሌላ ክር ወፈረ፤ እሱም የምግብ ክር ነው።

አሳማ እንዴት ስንዴ ይሆናል?

በ1962 ሦስት የዕቃ ባቡሮች ወደ ሆንግ ኮንግ መመላለስ ጀመሩ። አንዱ ከዉሃን፣ አንዱ ከሻንጋይ፣ አንዱ ከዠንግዡ ይነሳሉ። ቁጥራቸው 751፣ 753 እና 755 ነበር። የጫኑት ከነነፍሱ ያለ አሳማ፣ ከብት፣ ዶሮ፣ እንዲሁም አትክልትና ሌላ ምግብ ነው። የአሳማ ነገር ለብዙዎቻችን ባይጥምም ሆንግ ኮንግ ውስጥ ግን ሥጋ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። ባቡሮቹ ከቻይናውያን አዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀን በስተቀር በየቀኑ ሄዱ፣ አገልግሎቱም እስከ 2010 ዘለቀ።

አሁን ዓመቱን ልብ በሉ። ከ1959 እስከ 1961 ቻይና በዘመናዊ ታሪክ ከታዩት ረሃቦች ሁሉ የከፋው ውስጥ ነበረች። በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ አልቋል። የሆንግ ኮንግ ሰው በዋናው ምድር ላሉት ዘመዶቹ ዘይትና ሩዝ በፖስታ ቤት ይልክ ነበር። ታዲያ ገና ከረሃብ ያልወጣች አገር ሥጋ ለጎረቤቷ ስትሸጥ ምን ይባላል? ጭካኔ? እብደት?

የሞራሉን ፍርድ ለእናንተ ልተወውና አሠራሩን ላሳያችሁ። ሆንግ ኮንግ ለአሳማው የምትከፍለው በሆንግ ኮንግ ዶላር ነው። ያ ዶላር በዚያን ጊዜ ከእንግሊዝ ፓውንድ ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነበር። ፓውንድ ደግሞ ዓለም የሚቀበለው ገንዘብ ነው። አሜሪካ በሯን ለዘጋችባት ቻይና እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚገኝበት በር ጥቂት ነበር። በ1961 ቻይና ከካናዳና ከአውስትራሊያ ብዙ ስንዴ መግዛት ጀመረች። የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከአንድ አሳማ ዋጋ የሚገዛው ስንዴ አሳማው ቢታረድ ከሚመግበው ሰው በላይ ብዙ ሰው ይመግባል። ስለዚህ በመጋዘን ጠባቂው ዓይን ሲታይ ባቡሩ የሚወስደው ሥጋ በሌላ በኩል እህል ሆኖ ይመለሳል። በ1960ዎቹ ቻይና ካገኘችው የውጭ ምንዛሪ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው የመጣው በሆንግ ኮንግ በኩል እንደሆነ ይገመታል።

ሆንግ ኮንግስ ምን አገኘች? ርካሽ ምግብ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፋብሪካ ሠራተኛ ከደመወዙ ትልቁን ድርሻ የሚያወጣው ለሆዱ ነው። ምግብ ርካሽ ከሆነ በዝቅተኛ ደመወዝ መኖር ይቻላል፤ ደመወዝ ዝቅ ካለ ሸሚዙ ርካሽ ይሆናል፤ ሸሚዙ ርካሽ ከሆነ ለንደንና ኒው ዮርክ ገበያ ላይ ይሸጣል። ኮሚኒስቷ ቻይና ሳታስበው የካፒታሊስቷን ወደብ ፋብሪካዎች ትደጉም ነበር ማለት ነው።

ወንዝን ወደ ኋላ ማስኬድ

አሁን ወደ ውሃው። እኔ በትምህርቴ መሐንዲስ ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ ይቅር በሉኝ።

በኖቬምበር 1960 የሆንግ ኮንግ መንግሥትና የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ተስማምተው ከሸንዠን ማጠራቀሚያ በዓመት 22.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ መሸጥ ተጀምሮ ነበር። የ1963ቱ ድርቅ ይህ እንደማይበቃ አሳየ። ትልቅ ወንዝ መፈለግ ግድ ሆነ። የተመረጠው ዶንግጂያንግ፣ ማለትም «ምሥራቃዊው ወንዝ» ነው።

ችግሩ ዶንግጂያንግ ከሆንግ ኮንግ ራቅ ብሎ በስተሰሜን ይፈሳል፣ በመካከል ደግሞ ከፍታ አለ። መፍትሔው ደስ የሚል ነው። ሺማ የሚባል ገባር ወንዝ ከደቡብ ወደ ሰሜን እየፈሰሰ ዶንግጂያንግ ውስጥ ይገባል። መሐንዲሶቹ አዲስ ቦይ ከዳር እስከ ዳር ከመቆፈር ይልቅ ይህንኑ ወንዝ ገለበጡት። በወንዙ ላይ ግድቦች ሠሩ፣ በስምንት የፓምፕ ጣቢያዎችም ውሃውን ደረጃ በደረጃ 46 ሜትር ያህል ወደ ላይ ገፉት። ውሃው ሽቅብ «ደረጃ እየወጣ» ሸንዠን ማጠራቀሚያ ደረሰ፣ ከዚያ በቧንቧ ድንበር ተሻገረ። ከ10,000 በላይ ሠራተኛ ተሰማርቶ ሥራው በአንድ ዓመት ገደማ አለቀ። ውሃው ማርች 1 ቀን 1965 መፍሰስ ጀመረ።

ውሉ በዓመት 68.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነበር። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አብረን እናስላ። በዓመቱ ሴኮንዶች ስናካፍለው በሴኮንድ 2,160 ሊትር ገደማ ይሆናል። በ3.6 ሚሊዮን ነዋሪና በ365 ቀን ስናካፍለው ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን 52 ሊትር። ሁለት ተኩል ጀሪካን ማለት ነው። ያን ሁሉ ውሃ 46 ሜትር ለማንሳት ብቻ፣ የፓምፕ ብክነት ሳይታሰብ፣ በዓመት 8.5 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል።

ወጪውስ? ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ ለግንባታው 38 ሚሊዮን ዩዋን ፈቀዱ። የውሃው ዋጋ በሜትር ኩብ 0.1 ዩዋን ተተመነ። እንግዲህ በዓመት 6.8 ሚሊዮን ዩዋን ያስገባል። የኤሌክትሪክና የጥገና ወጪን ብንተወው እንኳ የግንባታውን ገንዘብ ለመመለስ አምስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ጥሩ ንግድ ነው፣ ግን ቻይናን የሚያበለጽግ ንግድ አይደለም። ቤይጂንግ በውሃው የጠበቀችው ለውሃው የሚከፈለውን ብቻ ሳይሆን ወንዙ ላይ ያለውን ደንበኛ በሕይወት ማቆየትን ነው። የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ ደንበኛ በጥም ከሞተ ማን ይገዛል?

የ1967ቱ ፈተና

እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ በሰላም ጊዜ የሚሠራ ሒሳብ ሊመስል ይችላል። በ1967 ግን ተፈተነ።

በቻይና የባህል አብዮት እየነደደ ነበር። በሆንግ ኮንግም በሜይ 1967 የሥራ ማቆም አድማና ተቃውሞ ተነሣ፣ ቆይቶም ወደ ቦምብ ጥቃት ተሸጋገረ። ሰዎች ሞቱ። በዚያው በጋ ዝናቡ ዘገየ። በውሉ መሠረት ከቻይና የሚመጣው ውሃ በበጋው የዝናብ ወራት ይቆም ነበር፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ግድቦቹ በዝናብ ይሞላሉ ተብሎ ይታሰባል። የሆንግ ኮንግ መንግሥት ተጨማሪ ውሃ እንዲሸጥለት ጠየቀ። መልስ አልመጣም። በጁላይ ከተማዋ ዳግመኛ በአራት ቀን አንዴ ለአራት ሰዓት ወደሚለው ፈረቃ ተመለሰች።

ቧንቧው ለዘለዓለም ተዘጋ ብሎ የፈራ ብዙ ነበር። ኦክቶበር 1 ሲደርስ ግን፣ ልክ በውሉ ቀን፣ ውሃው እንደገና ፈሰሰ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አንድ ላይ እዩ። ከውል በላይ የሆነችውን ጠብታ ቻይና አልሰጠችም፤ ዝምታዋ ራሱ መልእክት ነበር። በውል ያለውን ግን አልከለከለችም። ማስፈራራት ይቻላል፣ ማቋረጥ ግን ለራስም ያከስራል። ሁለት ወገኖች ሲደጋገፉ የሚመጣው ሰላም እንዲህ ያለ ነው። ወዳጅነት ያለበት አይደለም፣ ግን የት ላይ ማቆም እንዳለበት ያውቃል።

ሮቶ ያለውና የሌለው

ታዲያ ከሁለቱ ይበልጥ የተቸገረው ማን ነው? «ሁለቱም እኩል ይፈላለጋሉ» ማለት ቀላል ነው፣ ነገር ግን ልክ አይመስለኝም። እኔ የምለካው በጊዜ ነው። ክሩ ዛሬ ቢበጠስ እያንዳንዱ ስንት ቀን ይቆያል?

ቻይና የሆንግ ኮንግን ገንዘብ ብታጣ ጉዳቱ በወራት ይሰማል፣ ያማል፣ ግን አገሩ ይቀጥላል። ሆንግ ኮንግ ምግቡን ብታጣ በሳምንታት፣ ውሃውን ብታጣ በቀናት ትያዛለች። ስለዚህ መደጋገፉ እውነት ነው፣ ሰዓቱ ግን እኩል አይደለም።

ሰዓቱን ለማርዘም አንድ መንገድ አለ፦ ማጠራቀም። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ግቢው ውስጥ ሮቶ ያለው ሰው ከሌለው ሰው ይልቅ ተረጋግቶ ይተኛል፣ አይደል? ሆንግ ኮንግም ያደረገችው ይህንኑ ነው። በ1968 ፕሎቨር ኮቭ የሚባለውን የባሕር ሰርጥ በሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ግድብ ዘግታ፣ የጨው ውሃውን በፓምፕ አውጥታ፣ በጣፋጭ ውሃ ሞላችው። በ1978 ሃይ አይላንድ የተባለውን ጨመረች። ለሽንት ቤት የባሕር ውሃ የሚያደርስ ሌላ የቧንቧ መስመር ዘረጋች፣ ዛሬም አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው እሱን ነው። በ1975 ደግሞ የባሕርን ውሃ ከጨው የሚለይ ትልቅ ፋብሪካ ከፈተች።

ያ ፋብሪካ በ1982 ተዘጋ። የሚሠራው በነዳጅ ነው፣ ነዳጅ ተወዷል። ከዶንግጂያንግ መግዛት እጅግ ይረክስ ነበር። ውሳኔው በሒሳብ ትክክል ነው። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ትክክለኛ ውሳኔዎች አንድ በአንድ ሲደመሩ ሌላ አማራጭ ያልቃል። ዛሬ ከሆንግ ኮንግ ውሃ ከ70 እስከ 80 በመቶው የሚመጣው ከዶንግጂያንግ ነው።

አሁን ሊዙን አስታውሱ። በ1997 የሚያልቀው የ«አዲሶቹ ግዛቶች» ሊዝ ብቻ ነበር፤ ደሴቷና ካውሉን በውሉ ለሁልጊዜ የእንግሊዝ ነበሩ። ነገር ግን ከጠቅላላው መሬት ከ80 በመቶ በላዩ፣ ዋና ዋናዎቹ ግድቦችና የዶንግጂያንግ ቧንቧ የሚገባበት ቦታ ያሉት በሊዙ መሬት ላይ ነው። ደሴቷን ነጥሎ መያዝ በወረቀት ይቻላል፣ በቧንቧ ግን አይቻልም። በ1984 እንግሊዝ ሁሉንም ለመመለስ ስትፈርም ከምክንያቶቹ አንዱ ይሄ ነበር።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ወደብ

ታሪኩ የሩቅ ከመሰላችሁ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ጅቡቲን እንደ ወደብ ከተማ ያቋቋመቻት ፈረንሳይ ናት። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድም የጅቡቲን ወደብ ከኢትዮጵያ ገበያ ጋር አሰረው። ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላዩ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ጫት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ደግሞ ከዚህ ወደዚያ ይሄዳል። ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ድንበር ተሻግሯል። በ2017 ደግሞ በቻይና ብድር የተሠራ፣ 102 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የውሃ መስመር ተመረቀ። ከሶማሌ ክልል አዲጋላ አካባቢ ከርሰ ምድር በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ ወደ ጅቡቲ እንዲያደርስ የታቀደ ነው።

ልዩነቱ ብዙ ነው። ጅቡቲ ከ1977 ጀምሮ ነጻ አገር ናት፣ የማንም ሊዝ አይደለችም። የመለኪያ ጥያቄው ግን ያው ነው። ወደቡ አንድ ሳምንት ቢቆም ነዳጃችን ስንት ቀን ይቆያል? ማዳበሪያውስ ለዘር ወቅት ይደርሳል? ከአዲጋላ የሚሄደው ውሃ ቢቋረጥ የጅቡቲ ማጠራቀሚያዎች ስንት ቀን ይይዛሉ?

ስለ ወደብ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ክርክር ሲነሳ ከካርታው ጎን አንድ ወረቀት አውጡና ድንበር የሚሻገረውን እያንዳንዱን ነገር ጻፉ፦ ነዳጅ፣ ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ መብራት፣ ውሃ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ያለ እሱ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል አስፍሩ፣ በአንዱ ዓምድ ለእኛ፣ በሌላው ለእነሱ። ቁጥሮቹ እኩል አይሆኑም። በዚያ ወረቀት ላይ ትንሿ ቁጥር ያለችበት ቦታ፣ ቀጣዩ መጋዘን ወይም ማጠራቀሚያ መሠራት ያለበት ቦታ ነው።